ስም ጥራ ሲባል፦ የሐሰት ክስ ታሪክ ከሳሌም እስከ መስቀል አደባባይ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝን ምክንያት አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ አርተር ሚለር የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ የጻፈውን «ዘ ክሩስብል» የተባለውን ቴአትር አነበብን። ክሩስብል ማለት አንጥረኛ ወርቁን በእሳት አቅልጦ ከጕድፍ የሚለይበት ዕቃ ነው። ንባቡ በተፈጸመ ጊዜ መምህራችን «ምን ተማራችሁበት?» ብለው ቢጠይቁን፣ አንድ ጓደኛችን ከኋላ ተነሥቶ፣ «ይህ የፈረንጆች ነገር ነው፤ እኛ ሰውን በጥንቈላ ከሰን ሰቅለን አናውቅም» አለ። ክፍሉ ሣቀ። እኔም ከሣቁት አንዱ ነበርሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለኝ። እውነት እኛ አናውቅምን? ይህንኑ ለማወቅ የታሪክ መጻሕፍትን አገላበጥሁ፤ አያቴንም ጠየቅሁ። ያገኘሁትን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለአንባቢዎች አቀርባለሁ። የውጭ አገር ታሪክ ሳነሣ የአውሮፓውያንን፣ የአገራችንን ሳነሣ የኢትዮጵያን ዘመን አቈጣጠር መከተሌን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ቴአትሩ የተመሠረተበት እውነተኛ ታሪክ የተፈጸመው በ1692 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ግዛት ሥር በነበረችው በማሳቹሴትስ፣ ሳሌም በምትባል መንደር፣ የቄሱ የ9 ዓመት ልጅና የ11 ዓመት ዘመዷ ይጮኹ፣ ይንፈራገጡ፣ ይወድቁም ጀመር። ሐኪሙም መድኀኒት ቢያጣ ነገሩ የክፉ መንፈስ ሥራ ነው አለ። ከዚህ በኋላ ታላላቆቹ ሰዎች ልጆቹን «የሚያሠቃያችሁ ማን ነው?» እያሉ አጥብቀው ጠየቋቸው። ልጆቹም በመጀመሪያ የሦስት ሴቶችን ስም ጠሩ። አንዲቱ ቲቱባ የምትባል ባሪያ፣ ሁለተኛይቱ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች የምትለምን ድኻ፣ ሦስተኛይቱም የታመመችና ከቤተ ክርስቲያን የቀረች ሴት ነበረች። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ክሱ የጀመረው ወገንና ተከራካሪ ከሌላቸው ሰዎች ላይ ነው።

ቲቱባ አመነች፤ ሌሎችም አሉ ብላ ተናገረች። ከዚያ ወዲያ ስም ስምን እየጠራ ከ150 የሚበልጡ ሰዎች ተከሰሱ። 19 ሰዎች በስቅላት ሞቱ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለክሱ መልስ አልሰጥም ስላሉ ድንጋይ ተጭኖባቸው ሞቱ፤ ሌሎችም በወህኒ ቤት አለቁ። ፍርድ ቤቱ ይቀበል የነበረው ማስረጃ የሚያስደንቅ ነው። ከሳሽዋ «የእገሊት መንፈስ መጥቶ አነቀኝ» ካለች፣ ተከሳሽዋ በዚያን ሰዓት በቤቷ ተኝታ እንደነበር መቶ ሰው ቢመሰክርላትም አይጠቅማትም፤ የመጣው ሥጋዋ ሳይሆን መንፈስዋ ነው ይባላልና። ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ነው፤ «አዎን፣ ጠንቋይ ነኝ» ብሎ የዋሸው ሰው ከሞት ሲድን፣ «አይደለሁም» ብሎ እውነቱን የተናገረው ተሰቀለ።

ሚለር ይህን ታሪክ ወደ መድረክ ያመጣው በ1953 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በአሜሪካ የኮሙኒስት ፍርሃት የበረታበት ጊዜ ነበር። የኮንግሬሱ ኮሚቴዎች ደራሲዎችን፣ ተዋንያንንና መምህራንን እየጠሩ፣ «አንተ ኮሙኒስት ነበርህን? ከአንተ ጋር የነበሩትስ እነማን ናቸው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ስም የጠራ ሥራውን ያገኛል፤ ስም አልጠራም ያለ ከሥራው ይባረራል። ሚለር ራሱ በ1956 ዓ.ም. ቀርቦ ስለ ራሱ ተናገረ፤ የሌሎችን ስም ግን አልናገርም አለ። በዚህም በ1957 ዓ.ም. ተፈረደበት፤ በ1958 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረለት። እርግጥ ቴአትር ታሪክ አይደለም። ደራሲው የ11 ዓመቷን ልጅ የ17 ዓመት ኰረዳ፣ የ60 ዓመቱን ያህል ሽማግሌ ጆን ፕሮክተርን ደግሞ ጐልማሳ አድርጎ የፍቅር ታሪክ ጨምሮበታል። የነገሩን ሥር ግን አልለወጠውም። በመጨረሻው ክፍል ፕሮክተር ሕይወቱን ለማዳን ሲል በሐሰት ያምናል፤ የጓደኞቹን ስም ጥራ ሲሉት ግን እንቢ ይላል፤ የፈረመበትንም ወረቀት ቀድዶ ወደ መስቀያው ይሄዳል።

ከቴአትሩም ከታሪኩም ሦስት ነገሮች አስተውያለሁ። አንደኛ፣ ክሱ ራሱ እንደ ማስረጃ ተቈጠረ። ሁለተኛ፣ የመዳኛው መንገድ ሌላውን መጥራት ሆነ። ሦስተኛ፣ ዳኞቹ ጥቂቶችን ከሰቀሉ በኋላ «ተሳስተናል» ማለት አልቻሉም፤ ስሕተታቸውን እንዳያምኑ ሌላ ሰው መስቀል ነበረባቸው። እንግዲህ እነዚህን ሦስት ነገሮች እንደ ሚዛን ይዘን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ።

ከሳሌም ከ200 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነገሡ። እኒህ ንጉሥ ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩ፣ መጻሕፍትን የደረሱ፣ በሰንበት ምክንያት የተለያዩትን መነኮሳት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ያስማሙ፣ በታሪካችን ከታላላቆቹ የሚቈጠሩ ናቸው። ዳሩ ግን በዘመናቸው ደስክና ዲኖ የሚባሉ ጣዖታትን የሚያመልክ ሁሉ እንዲቀጣ ብርቱ ትእዛዝ ወጣ። ሕዝቡም በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹ ላይ ሰይጣንን የሚክድ ቃል ጽፎ እንዲታይ ታዘዘ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ስለዚያን ጊዜ ሲተርክ፣ በኢትዮጵያ ሰዎች ሁሉ ላይ ታላቅ ፍርሃት እንደ ወደቀ አይሸሽግም። የፍርሃቱንም ምክንያት ይነግረናል። «እኛ ለደስክ ሰግደናል» ብለው በገዛ አፋቸው ያመኑ ሰዎች፣ «እገሌና እገሌም ከእኛ ጋር ሰግደዋል» እያሉ ብዙ ንጹሓንን በሐሰት አስገደሉ። ክሱም ከድኾች ቤት ተነሥቶ ቤተ መንግሥት ገባ። ከንጉሡ ልጆች መካከል ወንዶችም ሴቶችም በዚሁ ነገር ተከሰሱ፤ ጽኑ ቅጣትም ተቀጡ፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። ንጉሡ የቅጣቱን ቍስል ለሕዝቡ ባሳዩ ጊዜ ሕዝቡ አለቀሰ።

ይህን ስናነብ የሳሌምን ሥራ ያነበብን አይመስለንምን? ያመነው ሰው ቃል በሌላው ላይ ማስረጃ ሆነ። ንጉሥም ቢሆን፣ አባትም ቢሆን፣ በሌላው ልጅ ላይ የተቀበለውን ክስ በገዛ ልጁ ላይ ሲመጣ አልቀበልም ለማለት አልቻለም። ጸሐፊው የቤተ መንግሥት ሰው ሆኖ ሳለ ይህን ለትውልድ ማቈየቱ ምስጋና ይገባዋል። አልጋውን የወረሱት ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ሲነግሡ ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ እስረኞችን መፍታት ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ከተማችን ይቀርባል። ይኸውም ሌባ ሻይ ነው፤ ትርጉሙ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። ዕቃ የጠፋበት ሰው ወደ ሌባ ሻዩ ይሄዳል። ሌባ ሻዩም አንድ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አምጥቶ የሚያናውዝ መድኀኒት ያጠጣዋል። ልጁ ራሱን ሲስት በወገቡ ላይ መታጠቂያ ይታሰርና ጌታው ጫፉን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ በመንደሩ ውስጥ ይዞራል፤ ሰዎችም ወደ ማን ይመጣ ይሆን እያሉ ይንቀጠቀጣሉ። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል፤ የጠፋውንም ይከፍላል። ይህ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ሲሠራ ያዩ የውጭ አገር ሰዎች በመጻሕፍታቸው ጽፈውታል። በሳሌም ጣታቸውን የቀሰሩት ልጆች ነበሩ፤ በእኛም አገር የተላከው ልጅ ነው። ልጅ አይዋሽም ይባላል፤ ነገር ግን ልጁን ያጠጣው፣ የመታጠቂያውንም ጫፍ የያዘው ትልቅ ሰው ነው። ዘመናዊ ሕግና ፍርድ ቤት እየተስፋፋ ሲሄድ ይህ ሥራ ቀረ።

ስለ ቡዳም እንዲሁ ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ወርቅና ብር የሚያነጥረውን ሰው ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል እያሉ ሲሸሹትና ሲያዋርዱት ኖረዋል። የታመመ ሰው በሕመሙ ላይ ሳለ «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ የጠራውም ስም የዚያን ምስኪን ቤት ያጠፋ ነበር። የሚያሳዝነው፣ አንጥረኛው በዚያው በክሩስብል ወርቃችንን አንጥሮ የአንገት መስቀላችንን የሚሠራልን ሰው መሆኑ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው በእስራት እንደሚቀጣ አስታወቁ። በዚህ ዓይነት አገሪቱ ማረሻ የሚሠራላት እንኳ እንደምታጣ፣ ስድቡም እርሳቸውን እንደ መስደብ እንደሚቈጠር ነገሩ። ዐዋጁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሐሜትን በዐዋጅ ብቻ ማጥፋት አልተቻለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምሳሌ ልለፍ፤ ይህ ሩቅ አይደለም። ከካዛንቺስ ተነሥቶ በአፍሪካ አዳራሽና በብሔራዊ ቤተ መንግሥት መካከል ቍልቍል የሚወርድ ሰው መስቀል አደባባይ ይደርሳል። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚህ አደባባይ ቆመው፣ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች እየወረወሩ ሰበሩ፤ የጠላቶቻችን ደም እንዲህ ይፈስሳል ማለታቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ኢሕአፓ በከተማ ውስጥ የመንግሥት ሰዎችንና የቀበሌ ሹማምንትን ይገድል ነበር። ደርግም ቀይ ሽብርን ዐወጀ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በተወረሰ ጊዜ የተቋቋሙት ቀበሌዎች መሣሪያ ታጥቀው፣ የሚያስሩና የሚመረምሩ ሆኑ። ሰፈርተኛው በአዳራሽ ይሰበሰባል፤ «ራሳችሁን አጋልጡ፤ የምታውቁትንም አጋልጡ» ይባላል። ከሞቱት ብዙዎቹ የእኛ እኩያዎች፣ ተማሪዎች ነበሩ። ሬሳቸው በየመንገዱ ላይ ወድቆ ያድር ነበር፤ ወላጆችም እንዳያለቅሱ ይከለከሉ ነበር።

የአያቴ ታላቅ ወንድም በዚያን ጊዜ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ከካዛንቺስ ቤታቸው አንድ ሌሊት ወስደውት አልተመለሰም። የድርጅቱ አባል ይሁን አይሁን አያቴ እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ያን ጊዜም መርምሮ የሚፈርድ ዳኛ አልነበረም። ይህን ያህል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ስለ ቴአትሩ ከነገርኋቸው በኋላ ግን አንድ ያልሰማሁትን ነገር ነገሩኝ።

«የወንድሜን ስም የጠራው በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩት ጓደኛው ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ አልጠሉትም፣ እማማ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጥቂት ዝም አሉና እንዲህ አሉ፤ «መጀመሪያማ ጠልቼው ነበር። በኋላ ግን ሳስበው፣ ልጄ፣ እሱንም ውስጥ እግሩን እየገረፉ ነው ስም አምጣ ያሉት። ተማሪ ልጅ የጓደኞቹን ስም እንጂ የማንን ስም ያውቃል? የሚወደውን ሰው ስም ጠራ።»

እኔ ከቴአትሩ ይልቅ ከዚህ ቃል የበለጠ ተምሬአለሁ። በቴአትሩ ውስጥ ፕሮክተር ጀግና ነው፤ ሁላችንም እርሱን ለመሆን እንመኛለን። ነገር ግን ፍርድ የሚባል ነገር ሰው ሁሉ ጀግና ካልሆነ በቀር ንጹሕ የማይድንበት ከሆነ፣ ፍርድ መባሉ ቀርቷል። ጥፋቱ በተገረፈው ልጅ አፍ ላይ ብቻ አይደለም፤ «ስም አምጣ» ባለውና የመጣለትን ስም ሳይመረምር ተቀብሎ ወደ ቤት በሄደው ሰው ላይ ነው። ሦስቱም ነገሮች በሰፈራችን ተሟልተው ነበር፤ ክሱ ማስረጃ ሆነ፤ መዳኛው ሌላውን መጥራት ሆነ፤ የገደለውም መግደሉ ትክክል መሆኑን ለማሳየት ደግሞ ገደለ።

ታሪክ የሚያስተምረን መጥፎውን ብቻ አይደለም፤ ከጥፋት በኋላ እንዴት እንደሚታረምም ያስተምራል። በሳሌም አገረ ገዢው በዚያው በ1692 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ያን ፍርድ ቤት ዘጉት። ከዳኞቹ አንዱ ሳሙኤል ሴዎል በ1697 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሕዝብ ፊት ቆሞ ጥፋቱን አመነ። በ1711 ዓ.ም. ለሟቾቹ ቤተሰቦች ካሣ ተሰጠ። ስሟ ሳይነጻ የቀረች አንዲት ኤልሳቤጥ ጆንሰን የተባለች ሴት ነበረች፤ በ2022 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ ሕግ አውጪዎች ስሟን አነጹላት። ይህም እንዲሆን ነገሩን አንሥተው የደከሙት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ! ከ329 ዓመት በኋላ የአንዲት ሴትን ስም ያነጹ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች መሆናቸው አኰራኝ።

በእኛም አገር የደርግ ባለሥልጣኖች ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለፍርድ ቀረቡ፤ በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ተብለው ተፈረደባቸው። ነገሩ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ ነገር ግን ጠበቃ ነበራቸው፤ ምስክር ተሰማ፤ መከላከያቸውም ተጠየቀ፤ እነርሱ ለሌላው ያልሰጡትን ሁሉ አገኙ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። አያቴና እኔ አብረን ሄድን። በግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የተማሪ ፊቶች ናቸው፤ የተማሪ ቤት ፎቶግራፍ ይመስላሉ። አያቴ የወንድማቸውን ፊት ፈልገው አላገኙም። ከሙዚየሙ ወጥተን አደባባዩን እስክንሻገር አልተናገሩም።

የአያቴ ቤት በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ፤ ጎረቤቶቻቸውም ወደ የአቅጣጫው ተበተኑ። ማን በየትኛው ቤት እንደ ኖረ፣ ከየትኛው በር ማን እንደ ተወሰደ የሚያውቁት እኒያ አረጋውያን ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያሉትን ታላላቆች ዛሬ እንዲጠይቅ አሳስባለሁ። አዲስ ሕንጻ ይሠራል፤ ያልተጻፈ ታሪክ ግን ተመልሶ አይገኝም።

በመጨረሻም በራሴ ላይ ልመስክር። ባለፈው ዓመት በክፍላችን አንድ ስልክ ጠፍቶ ነበር። አንድ ሰው የአንድ ዝምተኛ ልጅ ስም ጠራ፤ ሁላችንም ያንኑ ስም ተቀባበልን፤ እኔም ጨመርሁበት። ማስረጃችን ዝምታው ነበር። በማግስቱ ስልኩ በባለቤቱ ቤት ተገኘ። ልጁ ግን ሳምንት ሙሉ ብቻውን ተቀመጠ፤ ይቅርታ የጠየቀውም አልነበረም። እንግዲህ ሌባ ሻይ ቀረ ስንል፣ መታጠቂያው ከእጃችን መውጣቱን እንመርምር። ዛሬ ስም በአንድ ቀን ከስልክ ወደ ስልክ ከተማውን ሁሉ ይዞራል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር፣ በ19ኛውም አንቀጽ ማንም በግድ እንዳያምን ይደነግጋል። እነዚህን ቃላት ለፈተና ስናጠና ቀላል ይመስሉናል፤ ነገር ግን ያለ እነርሱ የኖሩት የሳሌም ሴቶች፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ልጆችና የአያቴ ወንድም ዋጋቸውን ያውቃሉ። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሳይነጋ ለሞተው ሰው ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ከመናገራችን በፊት እንጠይቅ፤ ስም ጥራ ስንባልም «ማስረጃው የት አለ?» እንበል።

ጓደኛዬ ሆይ፣ «እኛ አናውቅም» ባልህ ጊዜ አብሬህ ስቄአለሁ። ያን ዝምተኛ ልጅ ግን ትናንት አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። አንተም ብትጠይቀው ደስ ይለኛል።